አሥራ አንድ ወር ከአንድ የጀማሪ ፓራግላይደር ጋር

ይህን ፓራግላይደር፣ ማለትም አብራሪው ከሥሩ በገመዶች ተንጠልጥሎ ያለ ሞተር የሚበርበትን የጨርቅ ክንፍ፣ የገዛሁት ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ለብቻዬ አንድም ጊዜ ሳልበር ነው። ዛሬ፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ የበረራ መዝገቤ 84 በረራና 19 ሰዓት የአየር ላይ ቆይታ ያሳያል፤ ከዚህ ሌላ ወደ 45 ሰዓት የሚሆን ጊዜ እግሬ መሬት ሳይለቅ ክንፉን ከራሴ በላይ አቁሜ በመለማመድ አሳልፌያለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የማመሰግነውም የምነቅፈውም ነገር በአብዛኛው የዚህ ደረጃ ክንፎች ሁሉ ጠባይ ስለሆነ ነው።

ክንፉ ኢኤን 926-2 በተባለው የአውሮፓ መለኪያ ተፈትኖ ኤ ደረጃ የተሰጠው ነው። ደረጃዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ሲሆኑ፣ ኤ የሚሰጠው የሙከራ አብራሪዎች ሆን ብለው ግማሽ ጎኑን ሲያጥፉት ወይም ከሚገባው በላይ ፍሬን (የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስቡትን የእጅ ገመዶች) ሲይዙበት፣ ያለ አብራሪው ብልሃት በራሱ ወደ ቀጥተኛ በረራ ለመመለስ ከሁሉ የተሻለ ዝንባሌ ላሳየ ክንፍ ነው። ስፋቱ 26 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 4.9 ኪሎ ሲሆን፣ የተፈቀደለት ጭነት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ነው። ይህ ጭነት የአብራሪው የሰውነት ክብደት ብቻ አይደለም፤ ክንፉ ራሱ፣ መቀመጫ ያለው መታጠቂያ፣ መጠባበቂያው ፓራሹት፣ የራስ ቁሩ፣ ጫማውና በኪስ ያለው ውኃ ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ 72 ኪሎ ነኝ፤ ከነዕቃዬ ስመዘን 88 እሆናለሁ።

ይህንን ሒሳብ ያወቅሁት ልሳሳት ጥቂት ሲቀረኝ ነው። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የቢ ደረጃ ባለው፣ በግማሽ ዋጋ በሚሸጥ ያገለገለ ክንፍ ላይ ነበር። ሻጩ ክብደቴን ጠይቆኝ 72 ስለው፣ ክንፉ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ስለሚሸከም ልክ ለእኔ የተሠራ መሆኑን አረጋገጠልኝ። አሰልጣኜ ግን ከመክፈሌ በፊት አምጣውና ልየው አለኝ። ሜዳ ላይ ዘርግቶ፣ በጨርቁ ውስጥ አየር ለማለፍ የሚፈጅበትን ሰከንድ የሚቆጥረውን ትንሽ መሣሪያ በአራት ቦታ ነክሶ ለካው። ሰከንዱ በበዛ ቁጥር ጨርቁ ጤነኛ ነው፤ በዚያ ክንፍ የላይኛው ገጽ ላይ ግን ቆጠራው ገና ሳይጀመር ያለቀ ያህል ነበር። አሰልጣኜ ምንም ሳይናገር መልሶ አጠፈው። የእኔም ከነዕቃዬ መመዘን የታወቀው በዚያው ቀን ነው፤ ለካ በዚያ ክንፍ ጣሪያውን ልነካ 2 ኪሎ ብቻ ይቀረኝ ኖሯል።

የተማርኩት በዩታ፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ በስተ ደቡብ፣ በድሬፐርና በሊሃይ ከተሞች መካከል ባለው ፖይንት ኦፍ ዘ ማውንቴን በተባለ ተረተር ላይ ነው። ቦታው በጠዋት ከደቡብ፣ ወደ ማታ ደግሞ ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ ስለሚያገኝ፣ ጠዋት በደቡቡ ገጽ፣ ማታ በሰሜኑ ገጽ ይበረራል። በመካከሉ ያለው ሞቃት ሰዓት፣ መሬቱ ግሎ አየሩን እየገፋ የሚያናውጥበት ስለሆነ፣ ለተማሪ አይደለም። ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል እየተነሣሁ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሜዳው ላይ እገኝ ነበር። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 103 መሠረት ለዚህ ዓይነቱ በረራ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ በዚህ ቦታ ላይ ለብቻ ለመብረር ግን የአገሪቱ ሃንግ ግላይዲንግና ፓራግላይዲንግ ማኅበር የሚሰጠውን ፒ-2 የተባለ ደረጃ መያዝ፣ ወይም በአሰልጣኝ ቁጥጥር ሥር መሆን ግድ ነው።

ስለ ክንፉ ጠባይ አብዛኛውን ያወቅሁት አየር ላይ አይደለም። አሰልጣኜ ለመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰዓታት ከሜዳው አላስነሣኝም። ፊቴን ወደ ክንፉ አዙሬ፣ የፊት ገመዶቹን በለዘብታ ስስብ ጨርቁ አየር እየዋጠ ይነሣል፤ ከራሴ በላይ ሲደርስ ፍሬን ካልያዝኩት አልፎኝ ወደ ፊት ይደፋል፤ ፍሬኑን ካበዛሁበት ደግሞ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይተኛል። በልጅነቱ በቅሎ ይዞ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልጓሙን የያዘ እጅ ሁልጊዜ አፏን እየሰማ እንጂ እየጎተተ አይደለም። የኤ ደረጃ ክንፍ ዋጋው የታወቀኝ እዚህ ላይ ነው። በዝግታ ይነሣል፤ ስሕተቴን አይቼ እስካርም ይጠብቀኛል። አንድ ወዳጄ የቢ ክንፉን አውሶኝ በዚያው ሜዳ ስሞክረው፣ እኔ ምን እንደሆነ ሳስብ ክንፉ አልፎኝ ሄዶ ነበር።

ለብቻዬ ከተረተሩ አናት የተነሣሁት በሰኔ መጨረሻ፣ ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል በነበረበት ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት በትንሿ ኮረብታ ላይ ቁመቱ ከአንድ ሰው የማይበልጥ ዝላይ ደጋግሜ ነበር፤ ይህ ግን ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነው። ክንፉን አነሣሁት፤ ዞርኩ፤ ሦስት እርምጃ ሮጥኩ፤ አራተኛውን እግሬ መሬት አጣው። በሬዲዮ «እጅህን ከፍ አድርግ፣ ተቀመጥ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለመቀመጥ ግን አልደፈርኩም፤ በረራውን በሙሉ ቆሜ እንደሚጓዝ ሰው እግሬን አንጠልጥዬ ጨረስኩት። ያስገረመኝ ፍርሃቱ ሳይሆን ጸጥታው ነው። ከገመዶቹ ፉጨት በቀር ምንም አይሰማም፤ ፍጥነቱም የሚታወቀው ጥላዬ ቁጥቋጦውን እየዘለለ ሲሮጥ ሳይ ብቻ ነበር። ክንፉ በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ያ ሁሉ ለእኔ ረጅም የመሰለኝ በረራ በአሰልጣኜ ሰዓት 1 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነበር። በማግስቱ ለእናቴ ስደውልላት ስለ መነሣቱ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ «መውረጃውን ማን ያሳይሃል?» አለችኝ። በሦስተኛው በረራ ጥያቄዋ ትዝ አለኝ፤ ገና ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ እያለሁ ሁለቱንም ፍሬን እስከ መጨረሻው ስለሳብኩ ክንፉ መብረር አቆመ፣ እኔም በመቀመጫዬ ወረድኩ። ከመታጠቂያው ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ባይኖር ኖሮ ይህን ግምገማ ተኝቼ በጻፍኩት ነበር። ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው በሌላው ላይ ይቆጥብ እንጂ የጀርባ መከላከያው ላይ አይሞክረው።

ፒ-2 ደረጃዬን፣ የጽሑፍ ፈተናውንና ቢያንስ 25 በረራ የሚለውን መስፈርት አሟልቼ፣ በነሐሴ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ካየሁት ሁሉ ክንፉን በትክክል የገመገመልኝ አንድ የጥቅምት ምሽት ነው። በሰሜኑ ገጽ ላይ ስበር ነፋሱን በሚቆርጥ አንድ ጉብታ ጀርባ ጠጋ ብዬ አለፍኩ፤ የማያስፈልግ ስንፍና ነበር። የቀኙ ጎን ሲሶው ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ወረቀት ታጥፎ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ መታጠቂያውም ወደዚያው አዘመመ። የተማርኩት ክብደቴን ወደ ግራ አሳርፌ አቅጣጫዬን እንድጠብቅ ነው፤ ይህንኑ ለማድረግ ገና ስዘነበል ጨርቁ «ጧ» ብሎ ተከፈተ። አቅጣጫዬ የተለወጠው በጣም በጥቂቱ ነው። ይህንን የእኔ ችሎታ አድርጎ መቁጠር ራስን ማታለል ይሆናል፤ ክንፉ ሥራውን ጨርሶ እየጠበቀኝ ነበር። ብዙ ሰው በዓመቱ ውስጥ ወደ ቢ ክንፍ ካልተሻገረ የተቀደመ ስለሚመስለው ይህን እዚህ ላይ አሰፍራለሁ፤ እኔ አልተሻገርኩም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ዋነኛው ዝግታው ነው። ፍሬን ሳይያዝ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእግር የሚገፋው ማፍጠኛ ሲጨመርበት ጥቂት ከፍ ይላል። ስለዚህ ነፋሱ 30 በሚደርስበት ቀን ሌሎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ እኔ እንደ ጭልፊት በአንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥዬ እቀራለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቀን ማብረሪያ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ማሳለፍን ለመድኩ። ሁለተኛው ቆሻሻ ማጠራቀሙ ነው። የዚህ ተረተር አፈር ደቃቅ ስለሆነ፣ መሬት ላይ በተለማመድኩ ቁጥር አሸዋና የደረቀ ሣር በፊት ክፍት ኪሶቹ ይገባና ወደ ክንፉ ጫፍ ይሰበሰባል። ጫፎቹ ላይ ለማራገፊያ የተሠራ፣ እየተጣበቀ የሚዘጋ ቀዳዳ መኖሩን ያወቅሁት በአምስተኛው ወር ነው፤ ከግራው ጫፍ ብቻ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ አሸዋ አወጣሁ። የፍሬን መያዣዎቹ መቆለፊያ ልል ስለሆነ ክንፉን በሸከፍኩ ቁጥር እየተፈታ ገመዱን ያወሳስበዋል። የቦርሳው ዚፕ በክረምቱ ተበጥሷል። በቁጥቋጦ እሾህ የተከፈተችውን የሁለት ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ግን፣ አብሮት በመጣው ተለጣፊ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ዘግቻት እስከ ዛሬ አልተንቀሳቀሰችም።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን በመጋቢት የደረሰብኝ ነገር ነው። ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ክንፉ ሰነፈብኝ። ሳነሣው ከራሴ ኋላ ይንጠለጠላል እንጂ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አየር ላይም ፍሬኑ ገና ሲነካ ይከብዳል። ለሦስት ሳምንት ጥፋቱን በእጄ ላይ ጣልኩ፤ ልምዴ የጠፋ መሰለኝ። በመጨረሻ ወደ ምርመራ ወሰድኩት። ብዙ አምራቾች ክንፍ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር ያዝዛሉ፤ የእኔ ክንፍ ጊዜው ገና አልደረሰም ነበር። ጨርቁ ጤነኛ፣ የገመዶቹም ጥንካሬ ደህና ነበር፤ የኋላ ገመዶቹ ግን እስከ 14 ሚሊ ሜትር ያህል አጥረው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ ክንፍ ላይ የላይኞቹ ቀጫጭን ገመዶች የተሠሩት ዳይኒማ ከተባለ፣ በጣም ጠንካራ ነገር ግን ሸክም ሲጎድልበት የሚኮማተር ክር ነው። በበረራ ጊዜ አብዛኛውን ክብደት የሚሸከሙት የፊት ገመዶች ስለሆኑ ልካቸውን ይጠብቃሉ፤ ከኋላ ያሉት ቀስ በቀስ ያጥራሉ፤ እነርሱ ሲያጥሩ ክንፉ ሳይነካ ፍሬን እንደተያዘበት ይሆናል። መርማሪው የኋላ ገመዶቹ ከማሰሪያቸው የተጠመጠሙበትን ቋጠሮ አላልቶ ልካቸውን መለሰላቸው። በማግስቱ ሳነሣው የሰኔው ክንፍ ነበር። ሻጩ በገዛሁበት ቀን ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ሦስት ሳምንት በራሴ ላይ ባልተማረርኩ ነበር። ከዚህ ሌላ፣ መሬት ላይ የሚጠፋው ሰዓትም ፀሐይና አፈር ያለበት ስለሆነ ለምርመራ ሲቆጠር ከበረራው ጋር ሊደመር ይገባል፤ በዚህ ሒሳብ የእኔ ክንፍ 19 ሰዓት ሳይሆን 64 ሰዓት ሠርቷል።

ወደ አገር ቤት ወስዶ ደጋ ላይ ሊበርበት ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አየሩ በሳሳ ቁጥር ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጥኖ መሄድ አለበት። እኔ የምነሣበት ቦታ ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ሩጫዬ በባሕር ዳርቻ ከሚነሣ ሰው በ7 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,355 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። ማረፊያው ላይም እንደዚሁ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ቀን እግር የሚሮጠው በዚያው ልክ ነው። ክንፉ መዘግየቱን የነቀፍኩ እኔ፣ እዚያ ብሆን ዝግታውን አመሰግን ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለክንፉ 3,600 ዶላር፣ ለመታጠቂያው፣ ለመጠባበቂያው ፓራሹትና ለራስ ቁሩ ተጨማሪ 1,900 ከፍያለሁ፤ የትምህርቱ ለብቻው ነው። መጠባበቂያውን በየዓመቱ አስፈትቶ እንደገና ማሳጠፍ፣ ክንፉን ማስመርመር፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። በርካሽ የሚያዝ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ቢያንስ ቀጣዩን አንድ ዓመት በዚሁ ክንፍ እቆያለሁ። በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ትምህርቱን ሊጀምር መሆኑን ነግሮኝ «ጋሼ፣ ያንተን እየተዋስኩ ብማርበትስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሚዛን ላይ ከነዕቃው አወጣሁት፤ 76 ኪሎ ሆነ። የክንፉ መነሻ 80 ስለሆነ፣ በትንሹ መጠን የተሠራውን እንዲፈልግ ነግሬ ቦርሳዬን መልሼ ዘጋሁ፤ በገመድ ነው እንጂ፣ ዚፑ ገና አልተሠራም።