ቮካል ትራንስ ወይስ ትዝታ?

በዘፋኝ ድምፅ የታጀበው የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ፣ ቮካል ትራንስ፣ እና የእኛው ትዝታ ሁለቱም ናፍቆትን ያዜማሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ትዝታ አምስት የቅኝት ድምፆች ይበቁታል። አይቸኩልም። ዘፋኙ አንዷን ቃል እየጎተተ ቁስሉን ይነካካል።

ቮካል ትራንስ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ130 እስከ 140 ምት ይሮጣል። መሃል ላይ ከበሮው ድንገት ጸጥ ይላል። የዘፋኟ ድምፅ ብቻውን ይቀራል፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ከሥር ሲንተሳይዘሩ ቀስ በቀስ ያድጋል፣ ያድጋል... ምቱ ሲመለስ እንባም ጭፈራም አንድ ላይ ይመጣል! ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነው፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይቀልበታል።

ቢሆንም ማታ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ታክሲ፣ ኢርፎን ሰክቼ ስሰማ፣ ትራንሱን እመርጣለሁ። ገና በፍቅር ለተያዘ ሰው ተስፋ ይሰጣል። ፍቅሩ ላበቃበት ግን ያለ ምንም ክርክር ትዝታ ይከፈትለት።