ከኬዙ ጀርባ ትንሽ ፍላሽ ተሰክታ ካያችሁ ብራችሁን አታውጡ

«ማክ የተጫነበት ዴስክቶፕ» ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆም በሉ። እኔ 92 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። በፋይናል ከት ኤዲት ማድረግ አማረኝ። እሱ ደግሞ ማክ ላይ እንጂ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። አፕል ራሱ የሚሠራው እውነተኛው ማክ በኔ አቅም የሚቀመስ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ «አዲስ አበባ ገጣጥሞ የሚጭን ልጅ አለ» አለኝ። ሐኪንቶሽ ይሉታል። ተራ የዊንዶውስ ዕቃ ይገጣጠምና ኦፕንኮር ወይም ክሎቨር የሚባል ማስነሻ ይደረግበታል። ማስነሻው ለሲስተሙ «እኔ አይማክ ነኝ»፣ ማለትም የአፕል ዴስክቶፕ ነኝ፣ እያለ ይዋሻል፤ ሲሪያል ቁጥር ሳይቀር ፈጥሮ ይሰጠዋል። አፕል ይህን አይፈቅድም። በውሉ ላይ ሲስተሙ የሚጫነው በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው ይላል። ያኔም አውቅ ነበር፣ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ሱቁ ውስጥ ሲከፍተው የአፕል ምልክት የሆነችው ነጭ ፖም ብቅ አለች። «አይማክ» የሚለውን ጽሑፍ አሳየኝ። በቃ፣ ልቤ ጠፋ። የመንዝ በግ ስንገዛ እኮ ወገቡን ጨብጠን፣ ላቱን መዝነን ነው። እዚያ ግን አንዲት ነገር ሳልነካ ከፈልኩ። 130 ኪሎ ሜትሩን ኬዙን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ መጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ ልገለብጥ ፍላሽ አጣሁ። ከኬዙ ጀርባ አንዲት ጥቁር ፍላሽ ተሰክታለች። ነቀልኳት። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ጽሑፍ፣ አለቀ። ስደውል «ያቺን አትንካት ብዬህ አልነበር?» አለኝ። አላለኝም። ለካ ማስነሻው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ፍላሿ ላይ ነው የተቀመጠው። ሰውየው ወደ ዲስኩ ማዛወር እንኳ ሰንፏል። ደግነቱ በላይዋ ላይ ምንም አልገለበጥኩባትም፤ መልሼ ስሰካት ተነሳ።

ዋናው ጉድ ግን ቀጥሎ መጣ። ፋይናል ከት ልጭን ስል «ሲስተምህ አሮጌ ነው» አለኝ። የጫነልኝ ሃይ ሲዬራን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን። ክሮም እንኳ ከ2023 ወዲህ አዲስ ስሪቱን ለዚህ ሲስተም አይሰጥም። እኔም ወደ ላይ አሳደግኩት። ከዚያ በኋላ መስኮት ስጎትት ስክሪኑ እየተቆራረጠ ይከተለኛል። ፋይናል ከት ጭራሽ አልከፍትም አለ። የግራፊክስ ካርዱን መረጃ ሳይ «7 ሜጋ ባይት» ይላል። ካርዱ እኮ ባለ 6 ጊጋ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ነው!

ደወልኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል።»

ብርድ አይደለም። ለዚህ ዓይነት ካርድ የመጨረሻው የማክ ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የተሠራው ለሃይ ሲዬራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቀጣዩ ስሪት ሞሃቪ ሲወጣ ድራይቨሩ አብሮት አልመጣም፣ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። ሻጩ አሮጌ ሲስተም የጫነልኝ ለዚህ ነው፣ አሳምሮ ያውቃል። «በማዘርቦርዱ ግራፊክስ ልጠቀም» እንዳልል ደግሞ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል አይ 5 9400ኤፍ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤፍ ውስጡ ግራፊክስ የለም ማለት ናት። መውጫው እንደ አርኤክስ 580 ያለ የኤኤምዲ ካርድ መግዛት ነበር፣ ሌላ ብር።

ስለዚህ ሱቅ ከገባችሁ መጀመሪያ አስጠፉት። ማንኛውንም ፍላሽ ራሳችሁ ንቀሉና እናንተው አብሩት። ሳይነሳ ከቀረ ውጡ። ከተነሳ የሲስተሙን ስሪትና የካርዱን ስም አንብቡ። ካርዱ ጂቲኤክስ 1060ን የመሰለ ወይም ከሱ የበለጠ አዲስ ኤንቪዲያ ከሆነም ውጡ። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ተኝቶ መንቃቱን ሞክሩ። ሻጩ «ቸኮልኩ» ካለ ይቸኩል።

በደንብ የተገጣጠመ ቢሆን እንኳ በማክ ዋጋ አትግዙት። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወደ ራሱ ቺፕ ዞሯል። በ2025 ደግሞ ታሆ የሚባለው ስሪት በኢንቴል ፕሮሰሰር ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች የመጨረሻው እንደሆነ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሲስተም እንዲህ ባለው ኬዝ ላይ አይጫንም። የዕቃዎቹን ዋጋ አንድ በአንድ ጠይቃችሁ ደምሩ። እኔ ዘግይቼ ደመርኩ፣ 60 ሺህ አይሞላም። የቀረው ለፖሟ የከፈልኩት ነው።

ብሬን? «ሶፍትዌር አይመለስም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከጫጫ ሰርጋቸውን ያስቀረጹት አባት ደግሞ «ልጄ፣ ፆም ሊገባ ነው እኮ» እያሉ በየቀኑ ይደውላሉ። ዊንዶውስ ጫንኩ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ነጻ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም አወረድኩ። ያው ካርድ ያለምንም ማንገራገር ሠራ። በአራት ሌሊት ጨርሼ ያቺ ጥቁር ፍላሽ ላይ ያለውን አጠፋሁና ሰርጉን ገልብጬ ሰጠኋቸው። 16 ጊጋ ናት፣ በልኩ ገባ።