ሬዲዮ ወይስ ቤት ለቤት፦ ስለ ጉድጓድ ውኃ ብክለት ለማስገንዘብ የቱ ይሻላል?

በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ የእርሻ ሠራተኞች መንደሮች ናይትሬት (በአብዛኛው ከማዳበሪያ የሚመጣ፣ በተለይ ሕፃናትን የሚጎዳ ኬሚካል)፣ ከ500 በላይ የተተዉ የዩራኒየም ማውጫዎች ባሉበት የናቫሆ ምድር (በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ያለ የነባር ሕዝብ ግዛት) ደግሞ ዩራኒየምና አርሴኒክ የጉድጓድ ውኃን ይበክላሉ።

ወጪ፦ ሬዲዮ በአንድ ስርጭት ብዙ ቤት ስለሚደርስ ይረክሳል፤ ቤት ለቤት ግን ደመወዝና ነዳጅ ይጠይቃል፣ በናቫሆ የአፈር መንገድማ ይብስበታል።

አደጋ፦ ናይትሬት ያለበትን ውኃ ማፍላት ውኃውን እያተነነ የናይትሬቱን ይዘት ይጨምረዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን በሬዲዮ በከፊል የሰማች እናት አፍልታ ለሕፃኗ ወተት ልትበጠብጥበት ትችላለች፤ የሰፈሯ ጤና ሠራተኛ ግን የምርመራውን ወረቀት አብራት ታነባለች።

ቋንቋ፦ ሚክስቴክኛ (የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ቋንቋ) ለሚናገር ሠራተኛ በስፓኒሽ ብቻ ማስተማር፣ በሁለቱም መንገድ ቢሆን፣ ከንቱ ድካም ነው።

የሰደድ እሳት ጭስ ሲመጣ ሬዲዮ ይቀድማል፤ ለጉድጓድ ምርመራ፣ እንዲሁም አሠሪውን ፈርቶ ስለ ፀረ ተባይ ርጭት ለማይናገር ሠራተኛ፣ ቤት ለቤት ይመረጣል።