ስም ለሚመታበት ጌጥ የሚሆን ጠፍጣፋ፦ ከደሴ ገዝቼ የሞከርኳቸው አራት ዓይነቶች

በመዶሻና በፊደል ማህተም ስም እየመታሁ የአንገት ጌጥ መሥራት ስጀምር፣ ደሴ ከሚገኝ አንድ የጌጣጌጥ ዕቃ መደብር አራት ዓይነት ክብ ጠፍጣፋ ገዝቼ በሁሉም ላይ «ዘሐራ» የሚለውን ስም መታሁ። ሦስት ፊደል ብቻ ቢሆንም የእያንዳንዱን ጠባይ ለመለየት በቅቶኛል።

አሉሚኒየሙ ርካሽና ለስላሳ በመሆኑ አንድ ምት ብቻ ፊደሉን ጥልቅ አድርጎ ያወጣዋል። እጅ ለማፍታቻ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን በጣም ስለሚቀል አንገት ላይ ሲንጠለጠል ጌጥ ጌጥ አይልም።

መዳቡን በሁለት ውፍረት ነበር የወሰድኩት። ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነው ላይ የ«ሐ» ሦስት እግሮች በጀርባው በኩል ጎልተው ወጡ፤ ጠፍጣፋውም እንደ ሰሐን ጎደጎደ። 1 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን በመጠኑ ብቻ ስለጎበጠ ገልብጬ በፕላስቲክ መዶሻ ሳቃናው ተስተካከለ። መዳብ ሲደበደብ ይደነድናል፤ ያን ጊዜ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር መልሶ ያለሰልሰዋል። በላብ ምክንያት ቆዳን አረንጓዴ ሊያደርግ እንደሚችል ለገዢው አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ነሐሱ ከመዳቡ ይጠነክራል። መዶሻዬ ቀላል ስለነበረ ደግሜ መታሁና «ራ» ጥላ ያለው ፊደል ሆነብኝ፤ ይህ የእኔ እንጂ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ቀለሙ ለወርቅ ስለሚቀርብ ደንበኞች ይመርጡታል።

ያማረረኝ «ብር ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ አራተኛው ነው። ማህተሙ ባረፈበት ቦታ ልባጡ ተሰንጥቆ ቢጫ ታየ። ባቲ ለሰኞ ገበያ ወርጄ ለአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ባሳየው፣ ምንም ሳይናገር ጠርዙን በሞረድ ሁለት ጊዜ ፈግፍጎ ቢጫውን አሳየኝና «ልጄ፣ ሞርደህ ሳታይ አትግዛ» አለኝ። አንጥረኞች ቀድሞ ለጌጥ ያቀልጡት የነበረው፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርትሬዛ ጠገራ እንኳ 83.3 በመቶው ብር ነው፤ ዛሬ ለጌጥ የሚሸጠው ደረጃውን የጠበቀ ብር ደግሞ 92.5 በመቶ ነው። ከእኔው ብር የነበረው ከላይ ያለው ስስ ልባጥ ብቻ ነው።

መደብሩ ስቴንለስም ይሸጣል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ተውኩት። በገበያ የሚገኙት ማህተሞች በብዛት የላቲን ፊደል በመሆናቸው የእኛን ፊደል አንድ በአንድ ማሠራት ነበረብኝ፤ ስቴንለስ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ማህተም አፉን ያዶለዱመዋል።

በመደብሩ ላይ ያለኝ ሌላ ቅሬታ ቀዳዳውን ይመለከታል። ለጠርዙ እጅግ ተጠግቶ ስለተበሳ፣ «ዘ»ን አጠገቡ ስመታ ክቡ ቀዳዳ ወደ እንቁላል ቅርጽ ተለወጠ። በሚቀጥለው ጊዜ ያልተበሳ የ1 ሚሊ ሜትር መዳብ ገዝቼ፣ ስሙን ከመታሁ በኋላ ራሴ እበሳዋለሁ።