በጎንደር አድባራት ደጃፍ ሳንቲም ማዘርዘር፦ ከአሥሩ አንዱ ያዋጣል?

በወር በ7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ21 ግምጃ ቤት ማርያም ለመሳለም የሚሄድ ሰው ከጧፍና ከዕጣን ሻጮቹ ጎን ማዳበሪያ አንጥፈው ሳንቲም የደረደሩ ዘርዛሪዎችን አያጣም። ሥራቸው ድፍን ብር ተቀብሎ ለነዳያን የሚመጸወት ዝርዝር መስጠት ነው። የተለመደው ሒሳብ ከአሥር አንድ ነው፤ አሥር ብር ሰጥቶ ዘጠኝ መቀበል። ባንክ በነፃ ይዘረዝራል፤ ግን እሑድ ዝግ ነው፣ በሥራ ቀንም «ሳንቲም የለም» ይበዛል። በዓሉ ሲደርስ ለሚያስታውስ ሰው እንግዲህ ከዘርዛሪዎቹ ሌላ አማራጭ የለም።

በጥቂት ብር ዋጋው አይከፋም። መቶና ሁለት መቶ ሲዘረዘር ግን መከራከር ተገቢ ነው። አንዳንዱ ዘርዛሪ «በምጽዋት ላይ ክርክር?» ብሎ ያሳፍራል፤ መልሱ ቀላል ነው፣ የሚቀነሰው ከነዳያኑ ድርሻ ነው። ምጽዋት የግእዝ ቃል ነው፤ ሥሩም የልሳን ሊቃውንት እንደሚሉት በአይሁድ አራማይስጥ በኩል ከዕብራይስጡ «ሚጽዋ» ጋር ይገናኛል፣ ትእዛዝ ማለት ነው። የታዘዘውን የሚሰጥ ሰው ስንት እንደደረሰ ቢቆጥር ንፉግ አያሰኘውም።

ዋናው ጥንቃቄ የሳንቲሙ አደራደር ላይ ነው። ለአሥር ብር የሚሰጠው ክምር ዘጠኝ ፍሬ መሆን ሲገባው ስምንት ሆኖ ይገኛል፤ በግርግር ማንም አይቆጥርም። ሁለት ክምር ጎን ለጎን አቁሞ ቁመታቸውን ማስተያየት ይበቃል፣ የጎደለው ወዲያው ያጥራል። ሁለተኛው ችግር ከአንድ ብሮቹ መሐል የሚሰገሰግ ሃምሳ ሳንቲም ነው። አንድ ብር ባለሁለት ቀለም ነው፤ ሃምሳው ወጥ ነጭ ሲሆን ስፋቱም ያንሳል፣ ስለዚህ ከላይ ባይታይ እንኳ ጠርዙ ከክምሩ ገባ ይላል። አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲም ከሰጡ አለመቀበል ነው። ሱቅ የማይቀበለውን ለነዳይ መስጠት ሸክም ማስያዝ ነው።

አሰጣጡም ዘዴ አለው። በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ሳንቲም ሰው ሲከብ አይፈታም፤ እፍኝ በእጅ፣ ቀሪው በኪስ ይሁን። ከሰልፉ መሐል የጀመረ ይከበባል፤ ከዳር መጀመርና ወደኋላ አለመመለስ ይሻላል። ደጃፉ ላይ ያለው ሙዳየ ምጽዋት ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የገባው ለቤተ ክርስቲያኑ እንጂ ለተቀመጡት አይደርስም፤ እንግዶች ይህን ሲያምታቱ ይታያል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ አኮፋዳ ይዞ ለሚዞር የቆሎ ተማሪም ሳንቲም አይመችም፣ እሱ የሚለምነው የዕለት ምግቡን ነው። የአቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ) ትምህርት ቤት ባለበት በበአታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚሰጥ ሰው ከዘርዛሪ ይልቅ ዳቦ ቤት ቢሄድ ብሩ ሳይቀነስ ይደርሳል።

ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ ይጨናነቃል፤ ቆሞ መቁጠርም ሆነ መከራከር አይታሰብም። ለከተራ የሚሰጥ ያለው ከቀናት በፊት ባንክ ይሞክር፣ ካጣ ደግሞ በዓል ባልሆነ ቀን ጧት ያዘርዝር። ያኔ ዘርዛሪው ገበያ ስለሌለው ከመቶው ዘጠና አምስት ለማለትም ይደፈራል።