የዲኤክስ በሮቼ በፋይበር ግላስ፦ ከ11 ወር በኋላ

መኪናዬ በዕድሜ የምትበልጠኝ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። የበሮቿ የውስጥ ልባስ የተጨመቀ የእንጨት ቦርድ ነበር። በመስታወቱ በኩል የሚወርደው የዝናብ ውሃ ለዓመታት ሲያረጥበው ቦርዱ አበጠ፣ ተጣመመ፣ ክሊፕ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ፈረሰ። አሮጌ የመኪና ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ። ያገኘሁት ሁሉ ከእኔው የማይሻል ነው። በመጨረሻ አራቱንም በፋይበር ግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል እየደረቀ በሚጠነክር ፈሳሽ በራሰ የመስታወት ክር ጨርቅ አሠራሁ።

የፊት ሁለቱ ባለፈው ግንቦት ተሠሩ። የኋላዎቹ ገንዘብ እስኪሞላልኝ ቆይተው ሐምሌ ላይ ደረሱ። ባለሙያው ያው ነው፣ ሬዚኑም ያው፣ ቦታውም ያችው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለች ጠባብ ግቢ። ዛሬ ግን የፊቶቹና የኋላዎቹ የአንድ ሰው እጅ የነካቸው አይመስሉም።

አሠራሩን አጠገቡ ቆሜ ነው ያየሁት። አሮጌው ቦርድ ለልክ ያገለግላል። የእስፒከሩ ቀለበት ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ቦርድ ተቆርጦ በሚፈለገው አቅጣጫ ዘንበል ተደርጎ ይቆማል። ፍሊስ የሚባል ለስላሳ ጨርቅ በላዩ ተወጥሮ ሬዚን ይጠጣል። ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል። ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ጥንካሬው ግን ያለው ከጀርባ ነው። ማት የሚባለው የመስታወት ክር ጨርቅ በሬዚን እየራሰ ከኋላ ይደረባል። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ማት አንዱ ድርብ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። እኔ 3 ድርብ አስደርጌያለሁ። ከዚያ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። በ80 ቁጥር ተጀምሮ በ320 ያልቃል። የታችኛው ክፍል ጥቁር ቀለም ተቀባ፤ ላይኛው በሌዘር ተለበጠ።

የግንቦቶቹን በሮች ልንገራችሁ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በቀን ሁለቴ እወርዳለሁ። ሰፈሬ መግቢያው ኮብልስቶን ነው። ድሮ በሩ እዚያ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ጭጭ ነው። የእስፒከሩ ባስ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ምክንያቱም ቀለበቱ ከልባሱ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ዝናብም አላሳበጠውም። አንድ ጉድለት አለው፤ የክንድ ማሳረፊያው ጋ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ቦታ ላይ ሌዘሩ በመጋቢት ፀሐይ ተነሣ። ኮላው ሙቀት አልቻለም። ሙቀት በሚችል ኮላ ተለጠፈ፣ እስካሁን ይዟል።

የሐምሌዎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማድረቂያ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ይበቃል። ሬዚኑ ደግሞ 20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይወዳል። የአዲስ አበባ የሐምሌ ጠዋት ይህን ከየት ያመጣል? ያን ቀን ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ነበር። ማቱ ራሱ እርጥበት ይዟል። ባለሙያው ማድረቂያውን በሚዛን ሳይሆን በክዳን ለካ። በማግስቱ በእጄ ስነካው ጣቴን ያዝ አደረገኝ። «ይደርቃል ወንድሜ፣ አታስብ» አለኝ። አመንኩት፤ ስቱኮው በላዩ ሄደ። ያኔ «ቆይ» ማለት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽታው መስከረም ድረስ አልወጣም። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ አራት ኪሎ ሳንደርስ ራሷን አመማት፤ መስኮት ከፍተን ሄድን። ጥቅምት ላይ ልባሶቹን ነቅዬ ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሽታው በጣም ቀነሰ። ነገር ግን ሬዚኑ ዘግይቶ ሲደርቅ ተኮማተረ፣ የማቱ ክር ቅርጽ በቀለሙ በኩል ብቅ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትመታው በግልጽ ይታያል። በግራው በር እስፒከሩ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል። ስገለብጠው ከጀርባው ሬዚን ያልጠጣ ነጭ ማት አየሁ።

ስለዚህ ልታሠሩ ስትሄዱ ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን ገልብጡት። በደንብ የራሰ ማት መስታወት መስሎ ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጭ ነጭ ያለበት ቦታ አልጠጣም ማለት ነው። ጥፍራችሁን ተጫኑበት። ከያዘ ስቱኮ አይቀባ። የመስታወት ማዞሪያው እጄታ ያለበት ቦታ ከድሮው ቦርድ እንዳይወፍር ተቆጣጠሩ፤ የኔ የፊት ቀኝ ወፍሮ እጄታው አልያዝ ብሎ እንደገና ተሞርዷል። በበሩ ውስጥ ኤርባግ ያላት መኪና ከሆነች ግን ተዉት፣ አትነካኩት። ብናኙን ደግሞ ያለማስክ አትቅረቡት። ቆዳችሁን ካሳከካችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ያባብሰዋል።

ዋጋ አልጠራም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል። ከከፈልኩት አብዛኛው ግን ለእጅ ሥራው ነው፤ ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ለእያንዳንዱ በር ሁለት ቀን ሙሉ ወስዷል። ለፊቶቹ ያወጣሁት አንድ ብር አይቆጨኝም።

የኋላዎቹን ከፋሲካ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ እንደገና አሠራለሁ። ባለሙያው ራሱ ጀርባቸውን አይቶ «ልክ ነህ፣ የእጅ ሥራውን ዋጋ አልቀበልህም» ብሎኛል። ዲጂታል ሚዛን ገዝቻለሁ። አሮጌዎቹን ቦርዶችም አልጣልኳቸውም፤ ለልክ ያስፈልጋሉ።