«ሁለት ምስክር ይበቃል» ብሎ የአባቴን ኑዛዜ ያስፈረሰብን ጠበቃ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ረፋድ ላይ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ከሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ ወጥቼ ቤት እንደገባሁ ስለሆነ ንዴቴ ገና አልበረደም። በራቸው ላይ «የድርጅት፣ የግብርና የውርስ ጉዳዮች አማካሪ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ መጀመሪያ ክፍያ፣ ቀጥሎ «ጉዳዩን ለእኔ ተዉት»፣ ከዚያ የማይነሳ ስልክ ነው።

ነፍሱን ይማረውና አባቴ አምና ኑዛዜ ማድረግ ሲፈልግ ወደዚያ የወሰድኩት እኔው ነኝ። ሳቢያን ያለውን ሱቅ ለታናሽ እህቴ ሊተውላት አስቦ ነበር፤ ሥራዋን ትታ ያስታመመችው እሷ ናትና። ትንሽ ትልቁ «አንተ» እየተባባለ በሚኖርባት ድሬ ጠበቃው አባቴን «አንቱ» ማለቱ ደስ አሰኘን፤ እኔማ ጨዋነቱን እንደ ዕውቀት ቆጠርኩለት። 25 ሺህ ብር ከፈልን። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ጻፈችው፣ አባቴ ፈረመ፣ ጠበቃውና ጸሐፊዋም በምስክርነት ፈረሙ። አራት ምስክር እንደሚያስፈልግ ከጎረቤት ሰምቼ ስለነበር ብጠይቀው ሳቅ ብሎ «የሕግ ባለሙያ ካለበት ሁለት ይበቃል» አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ማፈሬ ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከሌላ እናት የሚወለደው ወንድማችን ተቃወመ፤ ፍርድ ቤቱም ኑዛዜው ፈራሽ ነው ብሎ ወሰነ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሁለት ምስክር የሚበቃው በቁጥር 882 መሠረት አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሲሆን ነው፤ ጠበቃ የሚል የለበትም። ዕድሜውን ሙሉ የሱቁን የዱቤ መዝገብ በእጁ ሲጽፍ የኖረው አባቴ፣ ኑዛዜውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ በእጁ ጽፎ ቀንና ፊርማ ቢያኖርበት ኖሮ አንድም ምስክር ባላስፈለገው፣ አንድም ብር ባላወጣ ነበር።

ዛሬ ውሳኔውን ይዤ ሄድኩ። ጠበቃው እስከ መጨረሻው ሳያነበው አጠፈውና ጸሐፊዋን የደረሰኙን ቀሪ አስመጣት። የጣሪያው ማራገቢያ እንዳይወስደው በመኪና ቁልፉ ከተጫነው በኋላ አንዱን መስመር በጣቱ አሳየኝ፤ «ለጽሕፈት አገልግሎት» ይላል። «ደረሰኙን አንብቢ እንጂ! አባትሽ የነገረኝን አስጻፍኩ፤ የሕግ ምክር አልሸጥኩላችሁም» አለኝ። አንቱታው ከአባቴ ጋር ተቀብሯል። ያቺው ምስክራችን የሆነችው ጸሐፊ ስልኳን እየነካካች ፈገግ አለች። እኔ ደግሞ የዚያን ደረሰኝ ዋናውን ዓመት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ያየሁት የብሩን መጠን ብቻ ነበር።

ኑዛዜ ለማድረግ ያሰባችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ፤ ጠበቃ ዘንድ ከሄዳችሁም ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሳታነቡ አትውጡ። እህቴ ዛሬም ሱቁን ከፍታ ውላለች፤ ለሦስት ስለሚከፈል በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃ መቁጠር እንጀምራለን።